ማንም ያላጨበጨበለት ዝረራ

በሰፈራችን ሶፋ ያረጀበት ሰው ሁሉ እሱ ጋ ነው የሚሄደው። ሞላው የወጣ፣ ስፖንጁ የሟሸሸ፣ ድመት ሽፋኑን የቧጨረችው፣ ሁሉም በጋሪ ተጭኖ ይመጣለታል። ግንቡ እንለዋለን። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን እሷም ራሷ በስተርጅናዋ «ግንቡ» ማለት ጀምራ ነበር። ስሙ የወጣለት ቦክሰኛ በነበረ ጊዜ ነው። ቢመቱት አይወድቅም። ይመቱታል፣ ይመቱታል፣ መቺው ይደክመዋል፣ ዳኛውም ይደክመዋል፣ እሱ ግን እንደቆመ ነው። «ይሄ ግንብ ነው እንጂ ሰው ነው እንዴ!» ብሎ አንድ ተመልካች ጮኸ፤ ስሙ እዚያው ጸደቀ።

እሱ ግን ስሙን አልወደደውም።

«ግንብ ይደገፉታል» ይል ነበር ለሚስቱ። «ማስታወቂያ ይለጥፉበታል። የቸኮለ ይሸናበታል። አጨብጭበውለት ግን አያውቁም።»

የሚጨበጨብለት ሌላ ሰው ነበረ፤ ቄንጤ።

ሁለቱም ያደጉት በአንድ አሠልጣኝ እጅ ነው፤ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ አዳራሽ ውስጥ። ክብደታቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ፣ የገቡበት ዓመት አንድ። አንድ ያልሆነው ሌላው ነገር ሁሉ ነበር። ቄንጤ ሪንግ ውስጥ ሲገባ ሰርግ ቤት የገባ ነው የሚመስለው። እጁን ዝቅ ያደርጋል፤ አንገቱን ሰበር ያደርጋል፤ ቡጢው ጆሮውን ታክኮ ሲያልፍ ፈገግ ይላል። የተመታው ሰውዬ እንኳ «እስቲ ድገመኝ» የሚል ይመስል ነበር። ቦክስ አይተው የማያውቁ ሴቶች በእሱ ምክንያት ወደ አዳራሹ መምጣት ጀመሩ። የግንቡ ሚስት አንዷ ነበረች። ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ናት፤ ክንዷም ምላሷም ትኩስ ነው።

«እውነቱን ልንገርህ?» አለችው በተጋቡ ሰሞን። «የመጣሁት እሱን ለማየት ነበር። መቀመጫ ያገኘሁት ግን አንተ ጥግ በኩል ሆነ።»

ብላ ከት ብላ ሳቀች። እሱም አብሮ ሳቀ። ጥርሱ ሳቀ እንጂ ሆዱ አልሳቀም። ያቺ ቀልድ ሆዱ ውስጥ ገብታ እንደ ተከራይ ተቀመጠች፤ ዓመት ቢያልፍም አልወጣችም።

እናቱማ ባሰች። አንድ ቀን እሱ በነጥብ አሸንፎ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ ላቡ ሳይደርቅ ወደ እሷ ቢሄድ፣ እጇን ሰጥታው ዓይኗ ወደ ሪንጉ ነው።

«እሰይ የኔ ልጅ፣ እሰይ» አለችው። «ያ ልጅስ፣ ቄንጤስ፣ መቼ ነው የሚወጣው? እሱ እኮ ሲመታ እንኳ ያምርበታል።»

እርር አለ። ግን ለእናት ምን ይባላል?

በፀጉር አስተካካዩ ቤት፣ በአውቶቡስ ፌርማታው፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ወሬያችን አንድ ነበር፤ «ሁለቱ ቢጋጠሙ ማን ያሸንፋል?» አብዛኛው ሰው ቄንጤ ይላል። ነገር ፈልፋይ የሆነ አንዱ ደግሞ «ግንብ በቄንጥ አይፈርስም» ይላል። ክርክሩ እስከ ስድብ ይሄዳል። አሠልጣኙ ግን እሺ አላሉም። «የአንድ ቤት ልጆች አላባላም» አሉ፤ ቃላቸውን የሚያስለውጥ ሰው አልተገኘም።

ቄንጤ ዋንጫ በላይ በላዩ ደረደረ። ግንቡ የእሱ ግጥሚያዎች መክፈቻ ሆነ፤ ሰዉ ወንበሩን እየፈለገ፣ እየተጠራራ፣ ቆሎውን እየቆረጠመ ሳለ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት የሚደባደቡ አሉ አይደል? ከሁለቱ አንዱ እሱ ነበር።

ደግሞም አንድ ነገር ነበረ፤ እሱና አሠልጣኙ ብቻ የሚያውቁት። ዝናብ በጣለበት ከሰዓት በኋላ ልምምድ ላይ ሳሉ፣ ግንቡ በቀኝ እጁ አንዲት ቡጢ አሳረፈና ቄንጤን ቁጢጥ አደረገው። ቄንጤ ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ማን እንደጣለው ግራ እንደገባው ሰው ወደ ላይ አየው። አሠልጣኙ ወዲያው አጨበጨቡና፣ «በቃ፣ ውሃ ጠጡ!» አሉ። ቄንጤ ተነስቶ፣ «ጎበዝ!» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። አለቀ። ግንቡ ቄንጤ ለሰው እስኪያወራው ጠበቀ። ሳምንት ጠበቀ፣ ወር ጠበቀ። ቄንጤ ረስቶታል። ለአንዱ የአንድ ከሰዓት በኋላ ነገር የነበረው ለሌላው ዕድሜ ልክ ሆነ።

ጊዜው ሄደ፤ ሁለቱም ጓንታቸውን ሰቀሉ። ግንቡ ከአጎቱ ሶፋ መሥራት ተምሮ ሱቅ ከፈተ። ቄንጤ ደግሞ የኳስና የስፖርት ጫማ ሱቅ ከፈተ። ምድር ሁሉ ባዶ ሳለ የት ከፈተ? መንገዱን ተሻግሮ፣ ከግንቡ ፊት ለፊት!

ከዚያ በኋላ የግንቡ ቀን ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። እንጨቱን ይቆርጣል፣ ማስቲሹን ይቀባል፣ ጨርቁን ወጥሮ ሚስማር ይመታል፤ ቀና ባለ ቁጥር ቄንጤን ያያል። አውቶቡስ ነጂው ለቄንጤ ጥሩምባ ይነፋል። ፖሊሱ ቆሞ ይጨብጠዋል። የቄንጤ ሱቅ ውስጥ ያሉት ሁለት አሮጌ ወንበሮች ናቸው፤ ሁልጊዜ ሰው አለባቸው፤ ቦታ ያጣው በር ላይ ይቆማል። ግንቡ ቤት ደግሞ አዲስ ሶፋ፣ ባለ መደገፊያ፣ ባለ ትራስ ተደርድሯል፤ የሚቀመጥበት የለም።

አንድ ቀን ልጁ ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጣች።

«አባዬ፣ ቄንጤን ታውቀዋለህ እንዴ?»

«ለምን?»

«ጓደኞቼ ኳሳቸው ላይ አስፈርመውታል። ለእኔም እንዲፈርምልኝ ንገርልኝ።»

እጇን ይዞ አሻገራት። ቄንጤ ፈረመላት፤ ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጎም፣ «አባትሽ ጎበዝ ቦክሰኛ ነበር» አላት። ልጅቷ በመገረም ወደ አባቷ ቀና አለች። እሱ ራሱ ይህን ነግሯት የማያውቅ ይመስል! ደግ ቃል ነበረች፤ እሱን ግን ከቡጢ የከፋ አመመችው።

የቄንጤን ዓይን ነገር ግንቡ ያወቀው ከዚያ በኋላ ነው። የተጠገነ ወንበር ሊያደርስለት ገብቶ ሻይ ሲቀዳለት፣ ቄንጤ ሻዩን ከብርጭቆው ጎን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰው። «ወይ እርጅና!» ብሎ ሳቀ። ወዲያው አንድ ደንበኛ በግራው በኩል መጥቶ እጁን ዘረጋለት። ቄንጤ አላየውም። የተዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ። ግንቡ ዕድሜውን በሙሉ የቄንጤን ፊት ሲያጠና የኖረ ሰው ነው፤ ሌላው «ኩራት ነው» ያለውን እሱ ወዲያው አወቀው። የቄንጤ ግራ ዓይን አያይም።

ለማንም አልተናገረም። ለሚስቱም።

በዚያ ዓመት ክረምት የአዳራሹ ጣራ ተገነጠለ። ማሠሪያ የሚሆን ገንዘብ ይገኝ ዘንድ የሰፈሩ ሰው መከረና ያችኑ የድሮ ጥያቄያችንን አነሳ፤ ቄንጤና ግንቡ ለምን የወዳጅነት ግጥሚያ አያደርጉልንም? ሦስት አጭር ዙር፣ ወፍራም ጓንት፣ ራስ መከላከያ፤ ለጨዋታ ያህል። ይህን ያመጣነው እኛ ነን፤ ማንም ላይ ማላከክ አንችልም። ቄንጤ ስቆ እሺ አለ። ግንቡ ዘንድ የተላኩት ሰዎች ገና «እንደው አንድ ሐሳብ...» ሲሉ «እሺ» አላቸው።

«ደረጃ ስትወጣ እኮ ታለከልካለህ» አለችው ሚስቱ። «ይሄ ሰውነት ሶፋ ላይ ነው የሚያምርበት።»

አሠልጣኙም በከዘራ እየተደገፉ ሱቁ ድረስ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ነገር ለምን ፈለግኸው?»

«ለጣራው ነው ጋሼ።»

«ጣራው ቆርቆሮና ሚስማር ነው የሚፈልገው።» ጎንበስ ብለው ፊቱን አዩት። «የማላውቀው ነገር ካለ ንገረኝ።»

ግንቡ እንደ ሶፋ ሠሪ ልማዱ አፉን በሚስማር ሞላ። አውጥቶ መናገር ይችል ነበር። አላወጣቸውም። ራሱን ነቀነቀና መዶሻውን አነሳ። ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አድርገው ወጡ።

ግጥሚያው እሑድ ከሰዓት ሆነ። በተገነጠለው ጣራ ላይ ሸራ ተወጥሯል፤ አዳራሹ እስከ በሩ ጢም ብሏል። አንድ ሐኪም የሁለቱንም ልብ አዳምጦ፣ «ደህና ናችሁ» አለ። ዓይን ያየ የለም፤ ቄንጤም አልተናገረም፤ ያቺን ቀን እሱም ሲመኛት ኖሯል መሰለኝ።

«ፊታችሁን እንይ!» ብለን ጮኸን። ቄንጤ ራስ መከላከያውን ፈትቶ ወደ ሕዝቡ ወረወረው። አዳራሹ ተናወጠ። ግንቡም የራሱን ፈታ፤ የሚወስድለት ሰው ስለጠፋ ጥጉ ላይ ራሱ አስቀመጠው።

የመጀመሪያው ዙር እንዴት ያምር ነበር! ቄንጤ ሆዱ ወጣ ብሎ እንኳ ይደንሳል። ግንቡ እያሳደደ አየር ይመታል። ሽማግሌዎች እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ሁለተኛው ዙር ላይ ቄንጤ ጭራሽ ባሰበት፤ ግንቡ ሲመጣበት ዞር ብሎ አሳለፈው፣ ከኋላው ትከሻውን መታ መታ አደረገው፣ ወደ እኛ ዞሮ ጓንቱን ሳመልን። ሳቃችን ጣራ ቢኖር ይሰነጥቀው ነበር። ከሳቁ ሁሉ መሐል ግን ግንቡ አንዲት ሳቅ ለይቶ ሰማ፤ ከት ያለች፣ የሚያውቃት። የሚስቱን።

ወደ ቄንጤ ግራ ዞረና ቀኝ እጁን ላከ።

ሰው ቡጢ ሲመጣበት ቢያንስ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። ቄንጤ ያንን እንኳ አላደረገም። ገና ወደ እኛ ፈገግ እንዳለ፣ እንደ ተቆረጠ ጣውላ ወደቀ፤ የራስ ቅሉ ወለሉን ሲመታ የተሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ዳኛው አልቆጠረም። ተንበርክኮ ሐኪሙን ተጣራ። ያ ሁሉ ሕዝብ ጭጭ አለ፤ የሚሰማው የሸራው መርገብገብ ብቻ ነበር። ግንቡ መሐል ላይ ቆሟል። ቀኝ እጁ ሳያውቀው ወደ ላይ ተነስቶ ነበር፤ አየውና አወረደው። ከኋላ አንድ ሰው ቀስ ብሎ፣ «አይ ግንቡ፣ አይ ግንቡ» አለ።

ቤት ሲገቡ ሚስቱ ራት አቀረበች፣ ልጅቷን አስተኛች፣ የተተኮሰ ሸሚዝ አውጥታ እንደገና አጣጠፈች። በመጨረሻ፣

«ሳቄን ሰምተህ ነው?» አለችው።

ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታ። እሷም ደግማ አልጠየቀችም።

ስድብ ጠብቆ ነበር። የሰደበው የለም። ከስድብ የባሰ መጣበት፤ ሐዘን እንደ ደረሰበት ሰው አንገታችንን ደፍተን ሰላም አልነው። ስለዚያ እሑድ የሚያወራ ጠፋ። የዕድሜ ልክ ጥያቄያችን መልስ አገኘ፤ መልሱን ግን ማንም አልፈለገውም። ምነው በተነፈስን ጊዜ ምላሳችንን በቆረጠው ያልን ብዙ ነን።

ሆስፒታል ሊጠይቀው ሄደ። ግቢው በጠያቂ ተጨናንቋል፤ ጁስ የያዘ፣ ብርቱካን የያዘ፣ የሚያለቅስ። አውቶቡስ ነጂው ሳይቀር ወረፋ ይዟል። ግንቡ አጥሩን ተደግፎ ያንን ሁሉ ሰው ሲያይ አንዲት ሐሳብ ሽው አለችበት፤ «እኔ ብወድቅ ማን ይመጣ ነበር?» በወደቀው ሰው፣ በዚያ ባለ ፋሻው ሰው ቀና! ራሱን ተጸየፈ። ሳይገባ ተመለሰ።

ቄንጤ ድኖ ቤቱ ከገባ በኋላ ግን አልቀረም፤ ሄደ። የቄንጤ ሚስት በሩን ከፈተችለት። ፊቷን አላጠቆረችበትም።

«ግባ ወንድሜ። ብቻ...» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያን ቀን አያስታውሰውም። ምንም። ሰዎቹ አቻ ወጣችሁ ብለውታል። አደራህን።»

ቄንጤ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ ነበር። ከሳ ብሏል፤ ፈገግታው ግን ያው ነው።

«ግንቡ! ና ተቀመጥ። አቻ ወጣን አሉኝ እኮ። ደስ አለኝ።»

ግንቡ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ የፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ ይህ ሰው፣ ሌላ ማንም ሳይሆን ይህ ሰው፣ «ጣልከኝ» እንዲለው። አሁንም ረስቶታል። ለሁለተኛ ጊዜ! የቄንጤ ሚስት በሩ ጋ ቆማ በዓይኗ ትለምነዋለች።

«አቻ አልወጣንም» አለ ግንቡ። «እኔ ነኝ የዘረርኩህ።»

ሴትየዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቄንጤ ጣራ ጣራውን እያየ፣ «ጠርጥሬ ነበር» አለ። «አቻ ለወጣ ሰው ይሄን ያህል አይለቀስለትም። በየትኛው እጅህ?»

«በቀኝ።»

«አላየሁትማ።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ግራ ዓይንህ እንደማያይ። ከግጥሚያው በፊት አውቅ ነበር። ሻዩን ስታፈስ አይቼሃለሁ።»

ቄንጤ ቀስ ብሎ ሙሉ ፊቱን ወደ እሱ አዞረ፤ በአንዲቱ ዓይኑ አየው።

«ምን በድዬሃለሁ?» አለው።

ግንቡ ሊመልስ ፈልጎ ነበር። ቢያስብ ቢያስብ የበደለው ነገር አልተገኘም። እናቴ ታደንቅህ ነበር ይበለው? ሚስቴ ልታይህ መጣች ይበለው? ልጄ ኳስ አስፈረመችህ ይበለው?

«ምንም» አለ። «ቀንቼ ነው።»

«አሁን ሂድልኝ» አለ ቄንጤ። ሄደ። በሩ ላይ የቄንጤ ሚስት፣ «እኔም ዓይኑን አውቄ ዝም ያልኩ ነኝ» አለችው፤ ለእሱ ትሁን ለራሷ እንጃ።

ከዚያ በኋላ መንገድ መሐላቸው አድርገው ወራት ሳይነጋገሩ ኖሩ። ቄንጤ ሱቁን ከፈተ፤ ወንበሮቹ እንደገና ሞሉ። አንድ ቀን እዚያው ሰብሰብ ብለን ስለ አንድ የቴሌቪዥን ግጥሚያ ስናወራ፣ አንዱ አፉ አመለጠውና፣ «አንተ እኮ በዝረራ ተሸንፈህ አታውቅም፤ ከግንቡም ጋ ብትሆን አቻ...» አለ።

«ምን አቻ!» አለ ቄንጤ። «ግንቡ ነው የዘረረኝ። በቀኝ እጁ። ልክ አስገባልኝ።»

ደነገጥን። «ኧረ ተው፣ ታምመህ ነው»፣ «ኧረ አዳልጦህ ነው» ብለን ልናስተወው ሞከርን። አልሰማንም። ተነስቶ ማሳየት ጀመረ፤ እንዴት እንደደነሰ፣ እንዴት ጓንቱን እንደሳመ፣ እንዴት «እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ከሕፃንነቴ ወዲህ ተኝቼ አላውቅም» እንዳለ። የማያስታውሰውን ሁሉ ከራሱ ፈጥሮ አወራው። መጀመሪያ ፈራን፤ ከዚያ ሳቅን፤ ከዚያ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። የዓይኑን ነገር ግን ትንፍሽ አላለም፤ እኛ ያወቅነው ብዙ ቆይቶ ከግንቡ ከራሱ አፍ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው «እስቲ የተዘረርክበትን አጫውተን» እያለ ይመጣ ጀመር። ከሌላ ሰፈር ሳይቀር።

ግንቡ ከሶፋው ላይ ቀና ብሎ ያያል። ምሳ ልታደርስለት የመጣችውን ሚስቱን፣

«ትሰሚያለሽ?» አላት። «ሽንፈቱን እንኳ ከእኔ ድል አሳምሮ ያወራዋል።»

«ታዲያ ሂድና አጨብጭብለት!» አለችው። ሳህኑን አስቀመጠችና፣ «ሂድ ግን። እውነቴን ነው» አለች።

እጁን በሱሪው ጠርጎ ተሻገረ። ሲገባ ሳቁ ቆመ፤ ሁላችንም የምናይበት ጠፋን። ታረቁ ልላችሁ አልችልም፤ ሰላም ነህም አልተባባሉም።

«ይኸው፣ ባለቤቱ መጣ» አለ ቄንጤና ወሬውን ቀጠለ። «እና ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ይሄ ሰውዬ...»

«ሁለተኛው ላይ ነው» አለ ግንቡ።

ቄንጤ ግን ያን ጊዜ ጓንቱን የሳመበትን እያሳየ ነበር፤ ሳቁ አዳራሽ ያህል ሆነ፤ ከእኛ የሰማው ቢኖር አንድ ሁለት ሰው ነው። ግንቡ በሩን ተደግፎ እስኪያልቅ ድረስ ቆመ። ከዚያ አንድ ሞላው የወጣ ሶፋ በጋሪ መጥቶለት ኖሮ ጋሪ ገፊው ከማዶ ተጣራ፤ እሱም «መጣሁ!» ብሎ ተሻገረ።